የማዶው ገበያ በክረምት እንዳይርቅ

በሆሳዕና ዙሪያና በሐድያና ከምባታ ቀበሌዎች የሚኖረው አርሶ አደር አብዛኛውን መንገዱን የሚሄደው በእግሩ ነው። ቆጮው ለገበያ የሚደርሰው በሰውና በአህያ ጀርባ ሲሆን፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰደው በቃሬዛ ነው። ከደጋው ወደ ቢላቴ ሸለቆ የሚወርዱት ትናንሽ ወንዞች በበጋ በድንጋይ ላይ ተረግጠው ይታለፋሉ፤ ዝናብ ሲጥል ግን በሰዓታት ውስጥ ሞልተው መንገዱን ይቆርጣሉ። ችግሩ የክረምት ብቻ አይደለም። አካባቢው የበልግ ዝናብም ስለሚያገኝ፣ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ተማሪው ከወንዝ ማዶ ይቀራል።

ለዚህ የተለመደው መላ የባሕር ዛፍ ግንድ ማጋደም ነው። ሥራው ቀላል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ግንዱ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ ዝቅ ብሎ ስለሚጋደምም ደራሽ ውሃ ይወስደዋል።

የውሃን ከፍታ አለማመዛዘን የሚያስከትለውን ጉዳት የዓባዩ ሰባራ ድልድይ ያስረዳል። በ17ኛው መቶ ዓመት ከድንጋይ የታነፀው ይህ የጎጃምና የጎንደር መገናኛ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያም እግረኛው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጥሞ መንገዱ ቢከፈትም፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ እንደሚታየው የድልድይ ቁመት የሚወሰነው በበጋው ውሃ ሳይሆን ሽማግሌዎች በሚያስታውሱት ታላቅ ሙላት ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ሙላቱ የደረሰበትን ቦታ በችካል ማስመልከት፣ ዳርቻው ጽኑ የሆነና ወንዙ የሚጠብበትን ስፍራ መምረጥ ይኖርባቸዋል።

ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ጥበቃው ይከተላል። የላሉ ብሎኖች እንዲጠብቁ፣ የተሰበረ ርብራብ እንዲለወጥ፣ ገመዱ በተቀበረበት አጠገብ አሸዋና ድንጋይ እንዳይወጣ፣ ከብትም በመንጋ እንዳይነዳበት መቆጣጠር ያስፈልጋል። የሁለቱም ዳርቻ ቀበሌዎች አንድ የጋራ ኮሚቴ መርጠው ከበልግና ከክረምት በፊት ድልድዩን ቢመረምሩ ሥራው በወገን አይከፈልም። ከማዶና ከወዲህ ያለው ሰው እኩል ይሻገርበታልና፣ እኩል ሊጠብቀው ይገባል።