ቁርበት አንጥፉልኝ፦ ከአምቦ የሌሊት ጎረቤት ጋር ትውውቅ

ዕቃዬን ከአይሱዙ አውርጄ፣ አልጋዬን ገጣጥሜ ጋደም ካልኩ ሁለት ሰዓት አይሆነኝም። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ድምፅ ተነሣ። ከጉሮሮ ሥር ጎርነን ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየወጣ ይቀጥናል፦ «አዉዉ...ዊ»። ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋገመው። የሠፈሩ ውሾች መጀመሪያ አበዱ፤ ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ ግን አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። እኔም ከውሾቹ ጋር ጸጥ አልኩ።

ከአዲስ አበባ ለሥራ ተዛውሬ የመጣሁ ነኝ። አምቦን የማውቃት በጠርሙስ ውኃዋ ነበር። የተከራየሁት ሁለት ክፍል ሰርቪስ ከከተማዋ ዳር፣ ከሁሉቃ ወንዝ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ በባህር ዛፍ አጣና የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ጅብ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለእኔ የተረት ሰው ነበር፤ አልተኛም ስል እናቴ «አያ ጅቦ፣ ና ብላው!» እያለች የምትጠራው።

ሲነጋ አከራዬ ግቢውን እየጠረጉ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ሌሊት ሰሙት?»

«ዋራቤሳውን ነው?» አሉ፣ ጅብን በኦሮምኛ ስሙ ጠርተው። መጥረጊያቸውን እንኳ አላቆሙም። «እሱማ የሠፈራችን ሰው ነው፣ ልጄ። አዲሱ አንተ ነህ እንጂ።»

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል፤ በእንግድነቱ ተጠልሎ የማይገባውን ክብር ለሚጠይቅ ሰው። የአከራዬ መልስ ተረቱን ገለበጠብኝ። በማያውቁት አገር መጥቼ «ይህ ድምፅ ለምን ይረብሸኛል?» የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ማማረሩን ትቼ ጎረቤቴን መተዋወቅ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ዘሩ። ጅብ ውሻ ይመስላል እንጂ የውሻ ዘመድ አይደለም፤ በሥጋ ዝምድና ይበልጥ የሚቀርበው ለድመት ነው። ቤተሰቡ በዓለም ላይ አራት ዓይነት ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛሉ፦ ዥጉርጉሩ፣ ሰውነቱ ላይ መስመር ያለውና ደረቅ ቆላ የሚወደው፣ እንዲሁም ምስጥ እየላሰ የሚኖረው ትንሹ። አራተኛው ቡናማው ጅብ የደቡባዊ አፍሪካ ነው። አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪና ጌዶ ላይ ሌሊት የሚጮኸው ከሁሉም የሚገዝፈው ዥጉርጉሩ ነው። ክብደቱ በአብዛኛው ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይደርሳል።

የፊት እግሮቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ፤ ለዚህ ነው ጀርባው እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ኋላ ያዘቀዘቀው። ሲራመድ ያነከሰ የሚመስለውም በዚሁ ነው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉት አባቶች አካሄዱን በደንብ አይተውታል። አንካሳ ነው ብሎ የናቀው ግን ይሳሳታል፤ ሲሮጥ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል፤ ያውም ሳይደክመው ብዙ ርቀት።

ጅብ የሞተ ብቻ የሚለቅም ፈሪ ነው የሚለው ስምም ሙሉ እውነት አይደለም። ሆላንዳዊው ሐንስ ክሩክ በታንዛኒያ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት እየተከተለ አጥንቶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ ያሉት ጅቦች ከሚበሉት አብዛኛውን ራሳቸው አድነው የገደሉት ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ጠዋት አንበሳ ሲበላ፣ ጅብ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ የታየበት ብዙው ገበታ ሌሊት ጅቦቹ የጣሉት፣ አንበሳው መጥቶ የቀማቸው ነበር።

ከሁሉም ያስገረመኝ የቤታቸው ሥርዓት ነው። የጅብ መንጋ የሚመራው በሴት ነው። ሴቷ ከወንዱ በመጠኑ ትገዝፋለች፤ ገበታ ላይም ትቀድማለች። ልጅ የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል፤ የእመቤቲቱ ግልገል ከጎረምሳው ቀድሞ ይበላል። ብዙ ጊዜ የሚወለዱት መንታ ሲሆኑ፣ ጠቆር ብለው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው ነው የሚመጡት። እናታቸውም ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታጠባቸዋለች። የሴቷ አካል በውጭ ሲታይ ከወንዱ ስለማይለይ «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ኖሯል። እምነቱ ስሕተት ነው፤ የተሳሳተው ዓይን ግን የሚፈረድበት አይደለም።

ወንዱ ልጅ ሲጎለምስ የእናቱን መንጋ ትቶ ይሰደዳል። ሌላ መንጋ ደርሶ ተቀበሉኝ ሲል፣ ማንም ቢሆን ከማዕረግ ሁሉ መጨረሻው ላይ ነው የሚጀምረው። ከሴቶቹና ከግልገሎቻቸው በታች ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ተራውን እየጠበቀ ዓመታት ይገፋል። እንግዲህ ተረቱ ያማው ጅብ ይህ ከሆነ በከንቱ ነው የታማው፤ በማያውቁት አገር ቁርበት ሊያስነጥፍ ቀርቶ ከተረፈው አጥንት መድረሱም ያጠራጥራል።

ያ እንቅልፍ የነሳኝ ጩኸት መልእክት ነው። ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ጅብ አጯጯህ ስለሚለያይም ሰሚዎቹ ማን እንደሆነ ለይተው ያውቃሉ። «እኔ እገሌ፣ እዚህ ነኝ» እንደማለት ነው። «ጅብ ሳቀ» የምንለው ድምፅ ደግሞ ከደስታ ጋር ብዙም አይገናኝም። ሲባረር፣ ምግብ ሲነጠቅ፣ ሲጨነቅ የሚያወጣው ነው። ጅብ ሲስቅ የሰማ፣ አንዱ ሲቀማ መስማቱ ነው።

ወደ ሆዱ እንምጣ። መንጋጋው የበሬ ጭን አጥንት ይሰብራል፤ ጨጓራው ደግሞ የተሰበረውን ያሟሟዋል። ጠዋት መንገድ ዳር ነጭ ኖራ የመሰለ ኩስ ካያችሁ የእሱ ነው፤ ነጭ ያደረገው የአጥንቱ ካልሲየም ነው። ይህ ሆድ የማይችለው ጥቂት ነገር አለ፦ ፀጉር፣ ሰኮናና የቀንድ ቅርፊት። እነዚህን ብዙውን ጊዜ አንከባሎ መልሶ ይተፋቸዋል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት ጥድፊያን ለመገሠጽ የተነገረ ነው፤ ግን አጥንት ሁሉ ለሚፈጭ አውሬ ቀንድ በእርግጥም የከሰረ ጉርሻ ነው።

ይኸው የማይፈጭ ፀጉር ለተመራማሪዎች መዝገብ ሆኗል። ከኩሱ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር በማጉያ መሣሪያ አይተው ጅቡ የማንን ሥጋ እንደበላ ይለያሉ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በትግራይ በዚህ መንገድ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ክርስቲያኑ ከሥጋ ሲከለከል የቄራውና የሥጋ ቤቱ ትራፊ ይጠፋል፤ በዚያው ሰሞን በኩሱ ውስጥ የአህያ ፀጉር በእጅጉ ጨምሮ ተገኘ፤ ጾሙ ሲፈታም መልሶ ቀነሰ። እኛ ስንጾም ዕዳው በአህያ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው አህያ ምክንያቱን ብታውቅም የሚጠቅማት አልነበረም።

በዚያው በትግራይ፣ በመቐለ ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት የጅብን ውለታ በሚዛን አስቀምጦታል። የከተማዋ ጅቦች በዓመት ወደ 207 ቶን የሚጠጋ የእንስሳት ጥንብና ትራፊ ይበላሉ። በዚህም በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያዙ ከሚችሉት ውስጥ አምስት ሰውና 140 ያህል ከብት፣ በግና ፍየል ከበሽታው እንደሚያድኑ ተገምቷል። አምቦ ላይ እንዲህ የመዘነ ባይኖርም ሥራው አንድ ነው። የሞተ አህያ፣ ያረጀና የተጣለ የጋሪ ፈረስ፣ ከበዓል የተረፈ ፈርስና አንጀት ማታ ገደሉ ጠርዝ ላይ ይታያል፤ ሲነጋ የለም። ደመወዝ የማይቆረጥለት የጽዳት ሠራተኛ አለን።

ቀን ቀን የት ይውላል? ከጊንጪ ከፍ ብሎ ያለው የጪሊሞ ደን ጽዱን፣ ወይራውንና ዝግባውን ይዞ ከቀሩት ጥቂት የአገር በቀል ደኖች አንዱ ነው። በቀረው የምዕራብ ሸዋ ገጽ ላይ ግን ዓይን የሚሞላው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ራሱ መጤ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ፣ ዘሩ ከባሕር ማዶ መጣ፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ዋና ከተማይቱ ባለችበት እንድትቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ የዚህ ቶሎ አዳጊ ዛፍ መስፋፋት ነው። ዛሬ አዲስ ዓለምም፣ አምቦም፣ ጌዶም በእሱ ተከበዋል። የሠፈሬ እረኞች እንደሚሉት ጅቡ ቀን የሚተኛው በወንዙ ዳር ቋጥኝ ሥርና በባህር ዛፉ ጥሻ ውስጥ ነው። የአውስትራሊያው ስደተኛ ለአገሬው አውሬ ቤት ሆኗል።

እንደ ባህር ዛፉ ከአውስትራሊያ መጥቶ ጅብን ጎረቤት ያደረገ ሰውም አለ። የሥነ ሰብእ አጥኚው ማርከስ ቤይንስ-ሮክ ሐረር ገብቶ፣ ከሰዎቹም ከጅቦቹም ጋር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አውጥቷል። ሐረርን የመረጠው በምክንያት ነው። የጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በአሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል፤ ማታ ማታ በእጅ የሚያጎርሱት ሰዎች አሉ። አምቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ወግ የለም። እዚህ ጅብን የሚያጎርሰውም፣ የሚያድነውም የለም፤ ሰዓቱ ይታወቃል፣ በቃ።

ሰዓቱን ማወቅ ግን ቀልድ አይደለም። ጅብ ሰው አይነካም የሚል ሰው ካለ አትመኑት፤ ደጅ የተኛን፣ ሕፃንን፣ የታመመን ሊያጠቃ ይችላል። አከራዬ በመጀመሪያው ሳምንት ያስያዙኝን ትእዛዝ እንዳለ ልንገራችሁ። ቆሻሻ ማታ ደጅ አይወጣም፤ ሥጋ ነክ ከሆነ ተቆፍሮ ይቀበራል። በግና ዶሮ ከመምሸቱ በፊት ይገባሉ፤ አህያ ደጅ አታድርም። ሕፃን ከጨለመ በኋላ ብቻውን ሱቅ አይላክም። ማታ የሚሄድ ሰው ባትሪ ይይዛል፤ ጅብ ካጋጠመውም አይሮጥም፤ ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ ቀስ እያለ ይርቃል። እኔ አንድ ልጨምር፦ ጅብ ወይም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይመለስም።

እሳቸው ሳይናገሩ ያለፉት ሌላም ነገር አለ። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለው የቡዳ ወሬ፣ ባለሙያዎቻችንን ለብዙ ዘመን ከማዕድና ከጋብቻ አግልሏል። በጅብ ስም የደረሰውን ይህን ጉዳት ያደረሰው ግን ጅቡ አይደለም።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት በሠፈራችን ቅርጫ ነበር። በሬው ተካፍሎ ሲያልቅ ቁርበቱ ቀረ። ድሮ የቆዳ ገዢ ገና በጠዋቱ በር እያንኳኳ የሚከራከርበት ነገር ነበር፤ አሁን የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የሚያነሣው የለም። የጠየቅነው አንድ ነጋዴ «በነፃም ብትሰጡኝ የጨው ወጪዬን አይሸፍንም» ብሎን ሄደ። ሲመሽ ወጣቶቹ ጎትተው ከሰው ቤት አርቀው ወደ ገደሉ ወሰዱት። ነጩን ወደ ላይ አድርገው ሣሩ ላይ ዘርግተው ተመለሱ።

ሌሊት ድምፁን ሰማሁ፤ መጀመሪያ ያ የማውቀው፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ የሚስቅ። አንዱ ተቀማ አልኩ በልቤ፤ ምናልባትም ያ በቅርብ የመጣው ጎረምሳ። ተገላብጬ ተኛሁ።

ጠዋት በዚያ ሳልፍ የተረገጠ ሣርና ጥቂት የጭራ ፀጉር ብቻ ነበር። ስንት ዘመን በተረት ስንሣለቅበት ኖረን በመጨረሻ ቁርበቱን አነጠፍንለት። አያ ጅቦ ግን አልተኛበትም፤ በላው።