የካርቱን ፊልም ወረቀቶች የት ገቡ?

በዚህ እትም ስለ ካርቱን ፊልም ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የምነግራችሁ ግን የፊልም ታሪክ አይደለም። ፊልሙ ሲሠራ በእጅ ስለተሳሉት ወረቀቶችና እነሱን ፈልገው ስለሚሰበስቡ ሰዎች ነው። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አለ፣ የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብም አለ። የካርቱን ስዕል የሚሰበስቡም አሉ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጾች ጥግ ላይ ኳስ ሳሉ። በሚቀጥለው ገጽ ትንሽ ከፍ አድርጉና ሳሉ፤ በሚቀጥለውም እንደዚሁ። 20 ገጽ ሲሞላ በአውራ ጣታችሁ ይዛችሁ ቶሎ ቶሎ ልቀቁት። ኳሷ ትነጥራለች! በእጅ የሚሳል ካርቱንም ነገሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ብዛቱ ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱን ስዕል ሁለት ጊዜ ስለሚያነሱት ለአንድ ሰከንድ 12 ስዕል ይበቃል። እስቲ እናስላው፦

ለ1 ደቂቃ፦ 12 × 60 = 720 ስዕል
ለ80 ደቂቃ ፊልም፦ 720 × 80 = 57,600 ስዕል

ይሄ እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ቢኖር ነው!

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሥራውን ይከፋፈሉታል። ዋናው ሰዓሊ ዋና ዋናውን ብቻ ይስላል፤ ለምሳሌ ልጁ ሊዘል ሲያጎነብስና አየር ላይ ሲሆን። በመሃል ያለውን ረዳቱ ይሞላል። ሌላው ደግሞ የተዝረከረከውን መስመር አጥርቶ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ ስዕሉ ወደ ሴል ይዞራል። ሴል ስል በሳይንስ የተማርነውን አይደለም፤ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ ነው። መስመሩ ከፊት፣ ቀለሙ ከኋላ ይደረግና የቤቱ ወይም የጫካው ስዕል ላይ ተነጥፎ ፎቶ ይነሳል።

ሴል ከመለመዱ በፊትስ? አሜሪካዊው ዊንዘር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 ገርቲ የምትባል ዳይኖሰር ያለችበትን ፊልም ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ስዕሎች በስስ ወረቀት ላይ ተስለዋል። ዳይኖሰሯን እሱ ሲስል፣ ከኋላዋ ያለውን ድንጋይና ዛፍ አንድ ጎረቤቱ የሆነ ወጣት በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ደግሞ ደጋግሞ ይገለብጥ ነበር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ዛሬ የሚገኘው 400 ከምናምን ነው። እሱም አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተጎሳቁሎ ተገኝቶ ነው የተረፈው።

የቀረውስ የት ገባ? ያን ጊዜ የሚፈለገው ፊልሙ እንጂ ወረቀቱ አልነበረም። ዲዝኒ ድርጅት ውስጥ እንኳ ፕላስቲክ ውድ ስለነበረ ቀለሙን አጥበው ሴሉን እንደገና የሚጠቀሙበት ጊዜ ነበር። እኔ በጣም ነው የገረመኝ። ሰሌዳ ጠርገን እንደምንጽፈው ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1937 ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንኮች ከወጣ በኋላ ግን በ1938 ሳን ፍራንሲስኮ ያለ አንድ የስዕል ማሳያ የፊልሙን ስዕሎች መሸጥ ጀመረ። በ1955 ዲዝኒላንድ ሲከፈት ደግሞ ሴሎች ለጎብኚ በጥቂት ዶላር ይሸጡ ነበር። ዛሬ አንዳንዶቹ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ።

ሰብሳቢዎች እውነተኛውን እንዴት ይለዩታል? አንደኛ፣ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከታች ወይም ከላይ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ የመሃሉ ክብ፣ የዳርና የዳሩ ረዘም ያለ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ችካል ላይ የሚሰካበት ነው። ሁለተኛ፣ ጥግ ላይ ተራ ቁጥር አለው። ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቁሩ እርሳስ ሥር በሰማያዊ ወይም በቀይ የተሞከረ መስመር ይታያል። ለመታሰቢያ ብቻ ታትመው የሚሸጡ፣ ፊልሙ ውስጥ ግን ያልገቡ ሴሎች ስላሉ ገዢ መጠንቀቅ አለበት። ዋጋውም ይለያያል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፊቱ ሙሉ፣ ዓይኑ ተከፍቶ የሚታይበት ስዕል ጀርባውን ከሰጠበት ይበልጣል።

ዲዝኒ ለረጅም ፊልም ሴል በእጅ ቀብቶ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣችው የባሕር ሴት ልጅ ፊልም ነው። ከዚያ ወዲህ ስዕሉ በወረቀት ቢሳልም ቀለሙ በኮምፒውተር ሆነ። ስለዚህ የእነዚያ ፊልሞች ገጸ ባሕርያት ከሰው እጅ የቀረላቸው የእርሳስ ወረቀቱ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ሌላ የለም።

አቀማመጡም ዘዴ አለው፦
• ፀሐይ እንዳይነካው፤ ቀለሙ ይለቃል።
• እንዳይታጠፍ፣ ፕላስተርም እንዳይለጠፍበት።
• ሴል ሙቀት አይወድም። ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።
• በታጠበና በደረቀ እጅ ብቻ ይያዝ።

ታዲያ ፊልሙ ካለ ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል? በእኔ አስተያየት ፊልሙ የሚያሳየን ያለቀውን ነው። ወረቀቱ ግን ሰዓሊው የቱ ጋ እንደላጰሰ፣ እጁን ስንቴ እንደሞከረ ያሳያል። ስዕል የሚማር ሰው የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። ዲዝኒም አሁን የድሮ ስዕሎቹን ለብቻው በተሠራ ማኅደር ያስቀምጣል፤ የዛሬ ሰዓሊዎቹም እያዩ ይማሩበታል።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ። ይህ አሁን የምታነቡት መጽሔት በእጅ የተጻፈ ነው፤ ኮፒ የለውም። አዲስ እትም ሲወጣ የድሮው ከሰሌዳው ይነሳና እየተቀደደ ይጠፋል። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሳሏቸው ያማሩ ስዕሎች አሁን የሉም። ስለዚህ ለክበባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የተነሳው ሁሉ ቀንና ቁጥር ተጽፎበት በአንድ ካርቶን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ለ5 ደቂቃ ካርቱን፣ ሁለት ገጸ ባሕርይ በየራሳቸው ወረቀት ቢሳሉ፣ ስንት ስዕል ያስፈልጋል? መልሱን አስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ክተቱ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል