«የእኔ የትኛው ዓይነት ነው?» ነፍሰ ጡር እህቶቻችንና ቶክሶፕላዝማ

በቅርቡ ሜይላንድ ሃይትስ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች እህታችን ስልኳን አውጥታ የደም ምርመራ ውጤቷን አሳየችን። «ቶክሶፕላዝማ፣ አይ.ጂ.ጂ. ፖዘቲቭ» ይላል። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ይበልጥ ያስጨነቃት ጥገኛ ተሕዋሱ ልዩ ልዩ ዓይነት እንዳለውና አንዳንዱ ከሌላው እንደሚከፋ ማንበቧ ነው። «የእኔ የትኛው ነው?» አለችን። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ስለሆነ መልሱን እነሆ።

ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። የሚራባው በድመት አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ ከኩሷ ጋር ወጥቶ አፈርን፣ ውሃንና አትክልትን ይበክላል። በዚያ አፈር ላይ የጋጡ በግና ፍየል ደግሞ በሥጋቸው ይይዙታል። ሰው የሚይዘው ካልታጠበ አትክልት፣ ከተበከለ ውሃ ወይም በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የጅማ ጥናት ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች ከ10ሩ ከ8 በላይ የሚሆኑት ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል። አገር ቤት ላደገች ሴት ውጤቱ ብርቅ አይደለም ማለት ነው።

የደም ምርመራው ግን ጥገኛው ሰውነቷ ገብቶ እንደነበር እንጂ ዓይነቱን አይነግራትም። ዓይነቱን ለመለየት የጥገኛው የራሱ ዲኤንኤ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ዲኤንኤውን በፒ.ሲ.አር. ያባዙና የተመረጡ ቦታዎቹን ከታወቁ ዝርያዎች ጋር ያስተያያሉ። ችግሩ፣ ቆየት ያለ ኢንፌክሽን በጡንቻና በአንጎል ውስጥ ተሸጉጦ ስለሚቀመጥ ደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ናሙናው ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ፅንሱ መያዙ ሲጠረጠር ከሽርት ውሃ፣ ወይም ከወሊድ በኋላ ከእንግዴ ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ሦስት ዋና ዋና ዝርያዎችን ለይተዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት 2 ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ያሉት ዝርያዎች ግን የተለያዩና ዓይንን አብዝተው የሚጎዱ ናቸው። ከአዲስ አበባ የጎዳና ድመቶች ተወስዶ በ2013 በታተመ ጥናት ደግሞ ዓይነት 2ና ዓይነት 3 ብቻ ሳይሆኑ ሌሎችም ተገኝተዋል።

ታዲያ ለእህታችን ምን ማለት ነው? ፅንስን በዋናነት የሚያሰጋው በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ኢንፌክሽን ነው። አይ.ጂ.ጂ. ፖዘቲቭ፣ አይ.ጂ.ኤም. ኔጌቲቭ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ኢንፌክሽን ነው፤ ሰውነቷም መከላከያ አበጅቷል። አይ.ጂ.ኤም. ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ኢንፌክሽኑ መቼ እንደገባ የሚገምት ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ ሐኪሟን ትጠይቅ።

እንዲህ ሲባል ግን «አንዴ ይዞኛልና ጥሬ ሥጋ አይነካኝም» ማለት አይደለም። በ2009 ከፈረንሳይ የወጣ አንድ ዘገባ፣ ቀድሞ መከላከያ የነበራት ነፍሰ ጡር በአካባቢው በማይታወቅ ዝርያ ዳግም መያዟን ገልጿል። ምንጩም ከውጭ የገባ የፈረስ ሥጋ ሳይሆን አልቀረም ተብሏል። ዝርያን መለየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባት ግን እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገችው እህታችን ናት። ምናልባት ጥገኛው ፈጽሞ አልያዛት ይሆናል፤ እርጉዝ ሆና ዘመድ ልትጠይቅ አገር ቤት ስትሄድ ግን ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ይቀርብላታል። እንግዲህ፦

• የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል፤ ለብ ለብ አይበቃም።
• የድመት መጸዳጃ በየቀኑ ይጽዳ፤ የሚያጸዳውም ሌላ ሰው ይሁን።
• አትክልት በደንብ ይታጠብ፤ አፈር ሲነካ ጓንት ይደረግ።

እህታችን በማግስቱ ለሐኪሟ ደወለች። አይ.ጂ.ኤም. ኔጌቲቭ ነበር። በሚቀጥለው ቡና ላይ ክትፎው ሲመጣ ግን ሳህኗን ወደ ኩሽና መለሰችና «አብስሉልኝ» አለች። አበሰልንላት።