ደጋፊም ይማራል

አንዳንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም። ልብስ መልበስ፣ እጅ መታጠብ እንኳ ይከብደዋል። ይህ የአእምሮ እድገት ችግር ነው እንጂ እርግማን አይደለም፤ አይጋባምም። ታዲያ ስንቱ ልጅ ጓዳ ተዘግቶበት፣ በገመድ ታስሮ ያድጋል!

እንዲህ ያለውን ልጅ መርዳት ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም የሚባለው ችግር ላለባቸው ልጆች በ2002 «ጆይ» የተባለ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። በ2010ዎቹ ደግሞ በገጠር ላሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለዚሁ ጉዳይ ሥልጠና ተሰጥቷል።

ደጋፊው ምን ይማራል? እስቲ እጅ መታጠብን እንይ። ሥራውን ይከፋፍለዋል፦ ውሃ ማፍሰስ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ልጁ አንዱን ሳይለምድ ወደ ሌላው አይሄድም። በአጭር ቃል ይናገራል፤ በእጁ ያሳያል፤ ይታገሣል። ልጁ ሲሞክር «ጎበዝ!» ይለዋል። ቸኩሎ እሱ አያጥብለትም።

እኛም ፊደል ያስቆጠርናችሁ እንዲሁ ነው። ከ«ሀ» ጀመርን፤ ቀስ በቀስ እዚህ ደረስን።

በሰፈራችሁ የተደበቀ ልጅ አለ? ገመዱ ይፈታ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት። ዛሬውኑ እጁን ይዛችሁ አንዷን ነገር አስጀምሩት።