የተቆለፈ በርና የሚበዛ ወሬ
(በራዲዮ ከተነገረው)

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከክፍሎቹ አንዱ ዘወትር ተቆልፎ ሲኖር፣ በውስጡ ስላለው ነገር የሚያወራው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ገንዘብ ተቀምጦበታል ይላል፤ ሌላው የሹም ሽር ዝርዝር አለበት ይላል። በሩ ሲከፈት ግን የሚገኘው ምናልባት አሮጌ መዝገብ ይሆናል። እንግዲህ አንድ መንግሥት ሰፊ ምድረ በዳ ቆልፎ ሲያኖር ወሬው ምን ያህል እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት የሚገኘው «ኤሪያ 51» የተባለው የጦር ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከላስ ቬጋስ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ግሩም ሌክ በሚባል የደረቀ ሐይቅ ዳር ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ይህን ቦታ የመረጠው፣ ዩ-2 የተባለውን የስለላ አይሮፕላን ከሰው ዓይን ሰውሮ ለመሞከር ነበር። የሐይቁ ወለል ደልዳላና ጠንካራ ስለ ሆነ ለማረፊያ ይመቻል፤ ጎረቤቱም የአቶሚክ ቦምብ መሞከሪያ ስለ ነበረ መንገደኛ አይደርስበትም።

በዚያ ጊዜ መንገደኛ የሚያመላልሱ አይሮፕላኖች አብዛኞቹ የሚበሩት ከ3,000 እስከ 6,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። ዩ-2 ግን ከ18,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ፀሐይ ጠልቃ ምድሩ ሲጨልም፣ ያን ያህል ከፍ ያለውን አይሮፕላን ብርሃኗ ገና ያገኘዋል፤ ብርማ ክንፉም እንደ እሳት ያበራል። ከታች ሆኖ ይህን ያየ አብራሪ «ሰው በማይደርስበት ከፍታ የሚነድ ነገር አየሁ» ብሎ ቢያመለክት አልዋሸም። የአየር ኃይል መርማሪዎች ማመልከቻውን ከዩ-2 የበረራ መዝገብ ጋር እያስተያዩ ምክንያቱን ይደርሱበት ነበር፤ ዳሩ ግን ምሥጢር ስለ ሆነ ለጠያቂው ሊገልጡለት አልቻሉም። ስለዚህ ዝምታ የተወውን ባዶ ቦታ ግምት ሞላው።

ዝምታው ብቻ ቢሆን ባልከፋም ነበር። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ዩ-2 በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ላይ ተመትቶ በወደቀ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት የጠፋው የአየር ጠባይ መመርመሪያ አይሮፕላን ነው ሲል አስታወቀ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ክሩሽቼቭ አብራሪው ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ በሕይወት መያዙን ሲናገሩ ሐሰቱ ተገለጠ። አንድ ጊዜ የዋሸን አካል፣ ኋላ እውነት ቢናገር እንኳ የሚያምነው ጥቂት ነው። በ1989 ዓ.ም. አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ በዚያ አካባቢ ከሌላ ዓለም በመጣ መንኰራኵር ላይ ሠርቻለሁ ባለ ጊዜ ማስረጃ ሳይጠየቅ ብዙ አድማጭ ያገኘው ስለዚህ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ጉዳቱ ግን ተረት ማመን ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ስለ ሰማይ ፍጡራን ሲከራከር፣ በ1994 ዓ.ም. የሰፈሩ ሠራተኞች በነበሩ ሰዎችና በሟቾች ሚስቶች ክስ ቀረበ። አቤቱታቸው በጉድጓድ እየተቃጠለ የነበረ መርዛም ቆሻሻ ጢሱ ለበሽታ ዳረገን የሚል ነበር። በ1995 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሰፈሩ ስለ ቆሻሻው የሚያወጣው መግለጫ በሕግ እንዳይጠየቅ ፈቀዱ፤ ክሱም በመንግሥት ምሥጢር ምክንያት ሳይሳካ ቀረ። በሐሰተኛው ምሥጢር ጩኸት ውስጥ የእውነተኛው በደል ድምፅ ሳይሰማ አለፈ።

ሲ.አይ.ኤ. የሰፈሩን ስምና ቦታ የሚገልጥ የታሪክ ሰነድ ያወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። በሰነዱ ውስጥ የተገኘው የአይሮፕላን ታሪክ እንጂ የሌላ ዓለም ሰው አይደለም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል የአገራችን ተረት። ሰሚው መላ ይጨምር፤ ማስረጃው ወዴት ነው ብሎ ይጠይቅ። መዝገብ ጠባቂውም በበኩሉ ያስብ። ለአገር ደኅንነት የሚጠበቅ ምሥጢር ይኖራል፤ ሊገልጡት የማይቻለውን «አይገለጥም» ማለትም ነውር አይደለም። ነገር ግን በምሥጢር ማኅተም ሐሰትንና በደልን የሚሸፍን ሰው፣ የሚሸሸውን ወሬ በገዛ እጁ ይዘራዋል።