ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ

በአንድ ግቢ ውስጥ በአውራ ዶሮዎች መካከል የሚነሳው ፀብ መነሻው የቁጥር ነገር ነው። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። አንዲት ዶሮ አሥር ጫጩት አውጥታ ብታሳድግ አምስቱ ያህል አውራ ይሆናሉ። ለመራባት ግን አንድ አውራ ከስምንት እስከ አሥር ለሚደርሱ ሴቶች ይበቃል። ይህን ትርፍ ከጥንት ጀምሮ ሲያቃልል የኖረው የበዓል ገበያ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ አውራው ይሸጣል፣ ወይም ይታረዳል። ችግሩ የሚጎላው በበዓላቱ መካከል ባሉት ወራት ነው፤ ወይም ባለቤቱ መልካቸውን ወዶ ገብስማውንም ቀዩንም አልሸጥም ሲል።

የዶሮ ሁሉ አባት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ይህ ወፍ በትንንሽ መንጋ ይኖራል፤ አንድ የበላይ አውራ፣ ጥቂት ሴቶች፣ አንዳንዴም ራቅ ብለው የሚከተሉ የበታች አውራዎች ይገኙበታል። ሰው ካላመደው በኋላ ዶሮ ብዙ አገር አዳርሷል። በትግራይ፣ መዝበር በተባለው የቅድመ አክሱም ሥፍራ የዶሮ አጥንት በቁፋሮ መገኘቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2,500 ዓመት በላይ እንደኖረ ያሳያል። ይህ ሁሉ ዘመን የአውራውን ጠባይ ከሥሩ አልለወጠውም። የሐበሻውም ሆነ የፈረንጁ አውራ ዛሬም የሚኖረው በዚያው የጫካ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱን አጥንቶ በጽሑፍ ያሰፈረው ኖርዌያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲከታተል ኖሮ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በመንጋው ውስጥ እያንዳንዷ ዶሮ ደረጃ እንዳላት አሳየ። ከላይ ያለችው ሌሎቹን ትነቁራለች፤ ከታች ያለችው በሁሉም ትነቆራለች። ደረጃው አንዴ ከተለየ በኋላ ግን የበታቿ የበላይዋን ገና ስታይ መንገድ ስለምትለቅ መነቋቆሩ ይቀንሳል። አውራዎቹም ከሴቶቹ የተለየ የራሳቸው ደረጃ አላቸው። የሚደባደቡት ይህን ደረጃ ለመለየት ነው፤ ስለዚህ ፀብ የሚበዛው ደረጃው ገና ሳይለይ ወይም ተለይቶ ሲፈርስ ነው። አርቢው ሊረዳ የሚችለውም ደረጃው ቶሎ እንዲለይ፣ ከተለየም በኋላ እንዳይናወጥ በማድረግ ነው።

አውራውን ለፀብ የሚያነሳሳው ከወንዴ ፍሬ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። በ1849 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው አርኖልድ አዶልፍ በርትሆልድ በጎቲንገን ከተማ በስድስት ወጣት አውራዎች ላይ ባደረገው ሙከራ ይህ በግልጽ ታየ። ከተኮላሹ በኋላ እንዲሁ የተተዉት አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አላድግ አለ፤ እንደ አውራ መጮህና መደባደብም ቀረባቸው። ፍሬያቸው ከወጣ በኋላ ሆዳቸው ውስጥ መልሶ የተተከለላቸው ግን እንደማንኛውም አውራ አደጉ፤ ጮኹም፣ ተደባደቡም። ጫጩቶች ገና በጥቂት ሳምንታቸው ደረት ለደረት እየተጋጩ ይጫወታሉ፤ ሆርሞኑ ከፍ የሚልበት የአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ሲደርስ ግን ጨዋታው ወደ ፀብ ይለወጣል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቀኑ ርዝመት በጸደይ በብዙ ሰዓት ስለሚጨምርና ይህም ሆርሞኑን ከፍ ስለሚያደርገው ፀቡ በዚያ ወቅት ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ ከወቅቱ ይልቅ የአውራዎቹን ዕድሜ መቁጠር ይጠቅማል።

ድብድቡ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አንደኛው ክንፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በጎን በጎኑ እየረገጠ ሌላውን ይዞራል። ሁለቱም ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የአንገታቸው ላባ ጃንጥላ መስሎ ይከፈታል፤ ጭንቅላታቸው እኩል ዝቅ ይላል፣ እኩል ቀና ይላል። መሐል ላይ ምንም ጥሬ የሌለበትን መሬት መቆርቆር ሊይዙ ይችላሉ፤ ይህም ልግጠም ወይስ ልሽሽ በሚል ውጥረት ውስጥ መሆናቸውን ያመለክታል። ከዚያ ዘለው እግራቸውን ወደፊት ይሰነዝራሉ። በቅልጥማቸው ጀርባ የሚበቅለው ሹል እሾህ አደገኛ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ውስጡ አጥንት ነው፣ ከዕድሜም ጋር ይረዝማል። ተሸናፊው ጭንቅላቱን ደፍቶ ጀርባውን ሲሰጥ አሸናፊው ጥቂት አባርሮት ይተወዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ይጮኻል።

የተሸነፈው አውራ ከዚያ ወዲያ ድምፁን መቆጠብ ይለምዳል። በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጎሕ ሲቀድ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ አውራ መሆኑን፣ ሌሎቹም በደረጃቸው ቅደም ተከተል እንደሚከተሉት አሳይቷል። የበላዩ ከመንጋው ሲወጣ ቀድሞ የመጮኹ ተራ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። በምግብም እንዲሁ ነው። አውራ ጥሬ ሲያገኝ እያነሳ እየጣለ፣ በአጭር በአጭሩ ድምፅ ሴቶቹን ይጠራል። አውስትራሊያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የበታቹ፣ የበላዩ በቅርብ ካለ፣ እንቅስቃሴውን ብቻ ያሳያል፤ ድምፁን ይውጠዋል። ጎሕ ሳይቀድ ከእንቅልፉ የሚነሳ አርቢ የግቢውን ደረጃ ሳያይ በጆሮው ብቻ ሊያውቀው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት የሚደረገው ጥንቃቄ ብዙም ወጪ አይጠይቅም። ሁለት አውራ እንዲኖሩ ከተፈለገ ሴቶቹ ሃያ ቢሆኑ ይሻላል። በጠባብ አጥር ውስጥ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ተሸናፊው የሚሸሽበት ቦታ ካጣ መሸነፉ አይታወቅለትም፤ ጥግ ላይ የተያዘ አውራ ጀርባውን ሰጥቶም ይመታል። ስለዚህ በግቢው መካከል ከዓይን የሚከልል ነገር፣ የተጋደመ ሳንቃ ወይም ቁጥቋጦ፣ ትልቅ ጥቅም አለው። የመኖና የውሃ ዕቃውም ተራርቆ በሁለትና በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ አውራ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም። ቆጡም ረዘም ያለ ይሁን፤ የበታቹ በአንዱ ጫፍ ያድራል።

ብዙ አርቢዎች ተጣሉ ብለው አንዱን አውራ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ለብቻው ያስሩታል። አስበውለት ነው፤ ሲፈታ ግን ደረጃው ፈርሶ ይቆያል፣ የተመለሰውም እንደ እንግዳ ይታያል፤ ድብድቡ እንደ አዲስ ይጀመራል። እያንዳንዱን ግጥሚያ በዱላ ማቋረጥም እንዲሁ ጉዳዩን ሳይቋጭ ያቆየዋል። መለየት የግድ ከሆነ በሽቦ አጥር ቢለያዩ ይመረጣል፤ እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ይሰነብታሉ። አዲስ አውራ ሲመጣም መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ከሽቦው ማዶ ይቆይ። በበሽታም በኩል ይህ ጠቃሚ ነው፤ ሽቦው ግን የፈንግል ቫይረስን ስለማያግድ ከገበያ የመጣ ዶሮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጽሞ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይበልጣል።

ጣልቃ መግባት የሚያስፈልገው ደም ሲታይ ነው። ዶሮዎች ደም የታየበትን ቁስል እየደጋገሙ ይነቁራሉ፤ ሴቶቹም ሳይቀሩ። የቆሰለው ወዲያው ተለይቶ ቁስሉ ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥቦ እስኪደርቅ በጨለም ያለ ቦታ ይቀመጥ። ቀኑን ሙሉ ከቆጥ የማይወርድ፣ መኖ የማይቀርብ፣ እየከሳ የሚሄድ አውራም ደረጃውን ተቀብሎ እየኖረ አይደለም፤ ከዚያ ግቢ መውጣት አለበት። የሴቶቹ ጀርባና ማጅራት ላባ መርገፍም አውራ መብዛቱን ይናገራል። አውራዎች በብዛት እንዲቆዩ ከተፈለገ ሴት በማይታይበት ቦታ፣ አብረው ያደጉት አንድ ላይ ቢደረጉ ብዙውን ጊዜ በሰላም ይኖራሉ።

ሰው ላይ፣ በተለይም ሕፃናት ላይ የሚዘል አውራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጠባዩ በከፊል በዘር ስለሚተላለፍ ለመራቢያ አይመረጥም። እርሱ ከሄደ በኋላም ሴቶቹ ዘሩን በሰውነታቸው ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ያቆያሉ፤ ስለዚህ የአዲሱ አውራ ጫጩት የሚፈልግ ሰው ለማሳቀፍ እንቁላል መሰብሰብ የሚጀምረው ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።