የወሎ ማሽላ፣ የጓያ መዘዝና የአይጥ ምስክርነት

ከሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ በውጫሌ በኩል ወደ አምባሰል በሚዘልቀው የደቡብ ወሎ ምድር ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ የዕለት ምግብ በመሆናቸው፣ በዘረመል ምህንድስና የተለወጡ ሰብሎች ወደ አገር ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው የቆየ ክርክር በዚህ አካባቢ ከሁሉ በፊት የገበታ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ልውጥ ሰብል የሚባለው ከሌላ ፍጡር፣ ብዙ ጊዜም ከባክቴሪያ፣ የተወሰደ የዘር ቅንጣት በቤተ ሙከራ የገባበት ተክል ሲሆን፣ ደጋፊዎቹ አይጦች ተመግበውት ምንም እንዳልሆኑ፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አይጦች ተመግበውት ዕጢ እንዳወጡ ይናገራሉ። ሁለቱም ወገኖች አይጥን በምስክርነት ሲጠሩ፣ ምስክሯ ምን ተጠይቃ ምን እንደመለሰች የሚያብራራ ግን እምብዛም አይገኝም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ላይ የያዘችው አቋም ከጠንካራ ጥርጣሬ ተነሥቶ ወደ ጥንቃቄ የታከለበት ፈቃድ የተሸጋገረ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዘመን የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታኼና የደህንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ሲረቀቅ የአፍሪካ ቡድን ዋና ተደራዳሪ ነበሩ፤ የእርሳቸው አስተሳሰብ ያረፈበት አዋጅ ቁጥር 655/2001ም ከዓለም ጥብቅ ሕጎች አንዱ ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ከላላ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ባክቴሪያ ወለድ ፀረ ትል ዘር የገባበት ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ፤ አገዳ ቆርቋሪንና መጤ ተምችን ይቋቋማል የተባለ በቆሎም በመልካሳ በአጥር ተከልሎ መሞከር ጀመረ። ጥጥ በዋነኛነት ለልብስ ይውላል፤ በቆሎ ግን ገንፎ፣ ቂጣና ንፍሮ ስለሆነ የመብሉ ጥያቄ በሙሉ ክብደቱ የመጣው ከእርሱ ጋር ነው።

በእንስሳት ላይ የሚደረገው ሙከራ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው፣ የገባው የዘር ቅንጣት የሚያመነጨው ፕሮቲን ተጣርቶ በከፍተኛ መጠን ለአይጥ ይሰጥና ወዲያው የሚታይ መመረዝ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል፤ በሁለተኛው፣ ሰብሉ ራሱ ተፈጭቶ በመኖው ውስጥ ይገባና አይጦቹ ለ90 ቀናት ከተመገቡት በኋላ ክብደታቸው፣ ደማቸውና የውስጥ አካላቸው ያልተለወጠውን ሰብል ከተመገቡት ጋር ይነጻጸራል። የ90 ቀኑ ሥርዓት በመሠረቱ ለኬሚካል መርዝ የተዘጋጀ በመሆኑ ከእህል ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ኬሚካልን ሰው ከሚያገኘው መቶ እጥፍ አድርጎ መስጠት ሲቻል፣ በቆሎን ግን ከመኖው ሲሶ በላይ ማድረግ የአይጧን አመጋገብ ስለሚያዛባ በብዙ ጥናቶች ውስጥ የሚገባው 11 እና 33 በመቶ ያህል ነው። በቆሎ ዋና ምግቡ የሆነ ገበሬ ከዚህ የሚበልጥ ድርሻ ሊመገብ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

የመኖ ሙከራ ከንቱ ነው ለማለት ግን ወሎ ራሷ አትፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል 9000 ገደማ የማሽላ ናሙናዎችን ሲያበጥሩ፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ከሌሎቹ በላቀ መጠን የያዙ ሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎች አገኙ። የወሎ ገበሬ እነዚህን መሰል ማሽላዎች ወተት በጉንጬ እያለ፣ ፍሬያቸው ጭምድድና ምርታቸው ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ እየዘራ እሸታቸውን ጠብሶ ሲበላ የኖረ ነው። ተመራማሪዎቹ የኬሚካል ልኬቱ ብቻ ስላላረካቸው እህሉን ለአይጥ ግልገሎች አበሉት፤ ግልገሎቹም ተራ ማሽላ ከተመገቡት በእጅጉ የላቀ ክብደት ጨመሩ። አይጧ እዚህ ጥሩ ምስክር የሆነችው የተጠየቀችው አንድ ግልጽ ጥያቄ ስለነበረና መልሱም በሚዛን የሚታይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄው ሲሰፋ ምስክርነቱ ይደበዝዛል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዢል ኤሪክ ሴራሊኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ፀረ አረም የሚቋቋመውን ኤንኬ603 የተባለ በቆሎ ለሁለት ዓመት የተመገቡ አይጦች ብዙ ዕጢ እንዳወጡ አስታውቆ የታመሙት አይጦች ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ። ይሁን እንጂ የጥናቱ 200 አይጦች በየጾታው 10 በ10 ሆነው ስለተከፋፈሉ ለማነጻጸሪያ የቀሩት ከየጾታው 10 ብቻ ነበሩ፤ ለካንሰር ጥናት የሚጠየቀው ደግሞ በየቡድኑ ከየጾታው 50 ነው። የተመረጠው ስፕራግ ዶውሊ የተባለ ዝርያም ሲያረጅ ማንኛውንም መኖ ቢመገብ ዕጢ የሚያበዛ ነው። ጥናቱን ያተመው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 ጽሑፉን የሰረዘው ማጭበርበር አግኝቶ ሳይሆን ማስረጃው ድምዳሜውን አይሸከምም በማለት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መድቦ ያስደገመው የሁለት ዓመት ጥናትም ጉዳት አላገኘም። ሴራሊኒ በአንድ ነገር ግን ትክክል ነበር፤ ዘር ሻጩ ኩባንያ ራሱ በሚያስጠናው የ90 ቀን ጥናት ላይ መንግሥታት ያለ ጥያቄ መደገፋቸው ተገቢ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለወሎ ሰው ትምህርት የሚሆነው ጓያ ነው። ጓያ ማንም ያልለወጠው፣ ማንም የፈቃድ ማመልከቻ ያላቀረበበት ጥራጥሬ ነው፤ በድርቅ ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው የነርቭ መርዝ እግርን ለዘለቄታው ያሽመደምዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት አካባቢ ወረርሽኝ ሆኖ በርካታ ሰዎችን አካለ ጎዶሎ አድርጓል። የቤተ ሙከራ አይጦች ይህን ሽባነት በሰው ላይ እንደሚታየው በቀላሉ ስለማያሳዩ፣ ጓያ ዛሬ እንደ አዲስ ሰብል ለ90 ቀን የአይጥ ፈተና ቢቀርብ ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። አደጋውን የሚያባብሰውንና የሚቀንሰውን የገለጠው በረሃብ ጊዜ ማን ምን ያህል፣ ከምን ጋር ቀላቅሎና እንዴት አዘጋጅቶ እንደበላ በየመንደሩ የተደረገው ጥናት ነው።

ስለዚህ አይጥ በልታ አልሞተችም የሚለው መልስ ልውጥ በቆሎን ለመፍቀድ ብቻውን እንደማይበቃ ሁሉ፣ የአይጥ ዕጢ ፎቶግራፍም ለመከልከል አይበቃም። እስካሁን የተከማቸው ማስረጃ ለገበያ የተፈቀዱት ልውጥ በቆሎዎች ከሌላው በቆሎ የበለጠ የሚመርዙ መሆናቸውን አያሳይም፤ ማስረጃው ግን በአብዛኛው የተሰበሰበው በቆሎን ለከብት መኖ በሚያውሉ አገሮች ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የደህንነት ሰነዶቹን በአማርኛና በሌሎች ያገር ቋንቋዎች ያውጣቸው፤ የአገር ውስጥ ተመራማሪዎችም እህሉን ቂጣና ገንፎ ሆኖ በሚበላበት መልክና መጠን ይመርምሩት።